የማሳረፊያው ቆጠራ

አይሱዙው ለሦስተኛ ጊዜ ጡሩምባውን ሲያስጮህ የድንኳኑን ገመድ የያዙት ሰዎች ተያዩ። አንደኛው ካስማውን ከኮብልስቶኑ መሐል ነቀለና ሸራውን በሁለት እጁ ሰብስቦ ወደ ላይ አነሣው። አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ተነሥተው ወደ ቦዩ ወረዱ። መኪናው የጫነውን ብሎኬት እያንቋቋ በሐዘን ቤቱ መሐል አለፈ፤ ጭሱ የንፍሮው ሰፌድ ላይ ተኛ። ሰዎቹ ከቦዩ ወጥተው፣ የጫማቸውን ጭቃ በድንጋዩ ጠርዝ ጠርገው፣ ተመልሰው ተቀመጡ። የተቆጣ ሰው አልነበረም። ስመኝን ያንገሸገሻት ይሄ ነው፤ ጭሱም ጭቃውም ሳይሆን፣ ሰው ሁሉ እንዲህ መነሣትና መቀመጥ መልመዱ።

አባቷ አቶ ቢሻው ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ማዘጋጃ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሜትር ይዞ የኖረ ሰው ነው፤ መካነ ሰላም ውስጥ እሱ ያልለካው ግቢ ብዙ አይገኝም። መሐንዲስ አልነበረም። መሐንዲሶች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ እሱ የሜትሩን ጫፍ እንደያዘ ይቀራል። ስድሳ ሁለት ተኩል ከሆነ ስድሳ ሁለት ተኩል ነው። ለዘመድም ለሹምም አንዲት ጣት አይጨምርም፣ አይቀንስም። በዚህ የተነሣ የሚጠሉት ነበሩ፤ ሲሞት ግን እነሱም መጥተው አለቀሱ።

ከቤቱ ፊት ለፊት፣ አሁን አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ አጥር የቆመበት ቦታ፣ ድሮ ማሳረፊያ ይባል ነበር። መንገዱ እዚያ ላይ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው ወደ እስላም መቃብር። የሰፈሩ ቅሬ፣ የቀብር ዕድሩ፣ አንድ ነው፤ ክርስቲያኑንም እስላሙንም አብሮ ይቀብራል። ክርስቲያን ሲሞት ቃሬዛውን ከቤት የሚያነሡት እስላሞቹ ናቸው። ማሳረፊያ ሲደርሱ ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ ያሳርፉታል፤ ከዚያ ክርስቲያኖቹ ይረከባሉ። እስላም ሲሞት ክርስቲያኖቹ አንሥተው እስከ ድንጋይዋ ያደርሱና ያስረክባሉ። ለቅሶውም እዚያው ነው፤ ሴቱ በአንድ በኩል፣ ወንዱ በአንድ በኩል ክብ ሠርቶ። ወደ መቃብር የማይወርዱት እስላም ሴቶች ልጃቸውንም ባላቸውንም የሚሰናበቱት እዚያች ድንጋይ ላይ ነበር።

አሁን ድንጋይዋ ማዘጋጃ ቤቱ በቦታው ላይ ከሠራው መናፈሻ መጸዳጃ ቤት ሥር ናት። ፋይዳ የሌለው ቦታ ተብሎ ከታጠረ ሦስት ዓመት ሆነው። ከምረቃው ቀን ወዲህ በሩ የሚከፈተው ከላይ እንግዳ ሲመጣ ነው። ውኃ ያልመጣለት ፏፏቴ፣ ከሲሚንቶ የተሠሩ አራት የእንጉዳይ ጥላዎች፣ በየሁለቱ እርምጃ «ሣሩን አትርገጡ» የሚል ጽሑፍ አለው። ሣሩ ደርቋል።

በቀብሩ ዕለት ተሸካሚዎቹ አጥሩ ጋ ሲደርሱ እግራቸው በልማድ ቀዘቀዘ። የሚያሳርፉበት አልነበረም። መንገዱ መሐል ቆመው ከትከሻ ወደ ትከሻ ሊቀባበሉ ሲሞክሩ ከኋላ የነበረው ሰው ኮብልስቶኑ አዳለጠውና ቃሬዛው አዘነበለ፤ የአባቷ እግር ወደ ላይ፣ ራሱ ወደ ታች ሆነ፣ ሰሌኑ ተንሸራተተ። አራት ሰዎች ተረባርበው ያዙት። ስመኝ ዓይኗን በከደነች ቁጥር የሚታያት ያ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ውኃ ልክ ሲያይ የኖረ ሰው፣ በመጨረሻው መንገዱ ተዘቅዝቆ።

«አብሽሪ ልጄ» ትላታለች እትዬ ሀሊማ፣ አጠገቧ ሆና። «ሶብሩን ይስጥሽ። ብዪ ቅመሺ።»

እትዬ ሀሊማ የግድግዳ ጎረቤታቸው ናት። የስመኝ እናት ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት ቢባል ውሸት አይሆንም። ሱሀይላ የምትባል አንድ ልጅ ነበረቻት፤ ጅዳ ሄዳ ስትሠራ ቆይታ፣ በሣጥን ተመለሰች። አጥሩ በታጠረ በአምስተኛው ወር ነበር። ሣጥኑን የጫነው መኪና ጠባቡ መንገድ ላይ መቆሚያ አጥቶ፣ ከኋላው የተደረደሩት መኪኖች ጡሩምባ እያስጮሁበት፣ በቀጥታ ወደ መቃብር አለፈ። እትዬ ሀሊማ አንድ እግር ጫማዋን በእጇ ይዛ እስከ መታጠፊያው ሮጠች። ከዚያ ወዲህ በአጥሩ ሥር ባለፈች ቁጥር አትሳደብም፣ ድምፅ አታሰማም፤ አንዲት እርግማን ብቻ ትደግማለች። ይህን ቦታ ፋይዳ የለውም ያለ ሰው ማረፊያ ይጣ፣ ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ በልቡ አሜን ይላል።

ረፋዱ ላይ አቶ አለምነው መጣ። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ነው። ሽቶው ቀድሞት ገባ። ከኋላው ሁለት ሠራተኞች ተከትለውታል፣ አንዱ ካሜራ ይዟል። ተቀምጦ ንፍሮ ዘገነ፣ ስለ አቶ ቢሻው ታታሪነት ለአጠገቡ ሰዎች ተናገረ፣ የለውጥ ሠራዊቱ አንድ ጓድ አጣ አለ። ካሜራው ሁለት ጊዜ በራ። ከዚያ ስመኝን ለአንድ አፍታ ብሎ ወደ ውስጥ ቤት ጠራት።

ነገ፣ በሰልስቱ ቀን፣ ከዞን ገምጋሚዎች እንደሚመጡ ነገራት። መናፈሻው ለሞዴልነት ታጭቷል። ማኅበራዊ ፋይዳ የሚለው መስፈርት ብቻውን ሠላሳ ነጥብ ይዟል። ስለዚህ ድንኳኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ከመንገዱ መነሣት አለበት። ስመኝም በምታስተምርበት በከላላ ትምህርት ቤት በየመንፈቁ እንዲህ ያለ ወረቀት ትሞላለች፤ ነጥብ እንዴት እንደሚወለድ ታውቃለች።

«ሌላም አለ» አላት። «ሼህ አሕመዲን ለገምጋሚዎቹ አቤቱታ ሊሰጡ ነው። አጥሩ ይከፈት፣ ድንጋይዋ ትውጣ የሚል። የቅሬው ዳኛ እሳቸው ናቸው፣ እኔን አይሰሙም። ያንቺን ግን ይሰማሉ፣ ሐዘንተኛ ነሽ። ለአባቴ ብላችሁ ተዉት በያቸው።»

«ለአባቴ ብዬ?»

ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ፎቶ ኮፒ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የክፍት ቦታዎች ማኅበራዊ ፋይዳ መመዘኛ ቅጽ ይላል። የቦታው ስም፣ ማሳረፊያ። የቆጠራው ጊዜ፣ ሦስት ቀን። የተጠቃሚ ብዛት፣ አንደኛ ቀን ዜሮ፣ ሁለተኛ ቀን ዜሮ፣ ሦስተኛ ቀን ዜሮ። ከታች የአባቷ ፊርማ አለ፤ እንደ ልማዱ ከሥሩ በማስመሪያ ተሰምሮበታል።

«ቅሬው ይህን አያውቅም» አለ አቶ አለምነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም ሰው ነኝ፣ በሐዘን ላይ አላወጣውም። ከተገደድኩ ግን ምን ላድርግ? ማሳረፊያ ፋይዳ የለውም ያልነው እኛ አይደለንም። አቶ ቢሻው ናቸው። ሀሊማ ስትሰማ ምን እንደምትል አስቢው።»

ሲወጣ ከሰፌዱ ሌላ ጭብጥ ንፍሮ ዘገነ፤ የአተሩን ገለባ ከበሩ ላይ እንትፍ ብሎ ሄደ። እጇን ጨብጧት ስለነበር ሽቶው መዳፏ ላይ ቀርቷል። ሁለት ጊዜ ታጠበች፣ አልለቀቀም።

ትቶላት በሄደው ፎርም ላይ ያለውን ዓመት ስታየው ትዝ አላት። ያኔ ደሴ ኮሌጅ ትማር ነበር፣ ለዕረፍት መጥታለች። የከተማውን መሪ ፕላን የሚሠሩ ሰዎች ከዞን መጥተው አባቷን የሚጠቀምበትን ሰው ቆጥረህ አምጣ ብለው እዚሁ ሜዳ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ቆጠራው ለምን እንደሆነ እሷ አልጠየቀችም። ሦስት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ጃንጥላ ይዞ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ፎርሙን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ቆየ። በሦስተኛው ቀን ማታ ቤት ሲገባ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ሰው አልሞተም» አላት።

እሷ ሳቀች።

ትንሽ ቀን ይጨመርልኝ ብሎ መሐንዲሱን እንደለመነው ነገራት። መሐንዲሱ፣ ሰው እስኪሞትልህ ድረስ ፕላኑ ይቁም ወይ ብሎ በባልደረቦቹ ፊት አስቆበታል። አሁን ምን እንደሚጽፍ ግራ ገብቶታል። ዓይኑ ስላየው ይጻፍ ወይስ ስለሚያውቀው? ስመኝ ከምታነበው ደብተር ቀና አላለችም።

«ያየኸውን ጻፍ አባዬ። ያላየኸውን ከጻፍክ እኮ ውሸት ነው።»

ልክ ነሽ አለና ማስመሪያውን አነሣ።

ስመኝ ከአልጋው ሥር የሥራ ዕቃውን የሚያስቀምጥበትን ሣጥን ጎተተች። ሜትሩ፣ ቱንቢው፣ ውኃ ልኩ፣ ቀይና ነጭ የተቀባው በትር። ከሥራቸው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አለ። ያው ፎርም ነው፣ ባዶው በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ አንድ በአንድ በእርሳስ የተሞላ። ስድሳ አንድ ቅጠል። አጥሩ ከታጠረ ወዲህ በዚህ መንገድ ያለፈ ቀብር ሁሉ ተቆጥሯል። አራት ቋሚ ሰረዝ፣ አምስተኛዋ በላያቸው አግድም፤ ሌላ አምስት፣ ሌላ አምስት፣ ገጹ እስኪሞላ። የሟቹ ስም ከላይ ተጽፏል። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ላይ ሰረዞቹ ተጣመዋል።

በየገጹ ግራ ዳር፣ ከአምስት አምስቱ ርቃ፣ አንዲት ሰረዝ ለብቻዋ ቆማለች። በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ከጎኗ ማብራሪያ አለ፦ «ሟች። እሱም መጥቷልና ይቆጠር።»

ስትገልጥ ስትገልጥ የሱሀይላ ላይ ደረሰች። በመንገዱ ያለፈ ለቀስተኛ መቶ አርባ ሦስት ይላል። ከሥሩ፣ በዚያው በተስተካከለ እጅ፦ «መኪናው አልቆመም። አላረፈችም።» ዳር ላይ ሰረዟ አለች።

አባቷ ይህን ለማንም አላሳየም። ጡረታ ከወጣ በኋላ ለቅሶ ሲመጣ ሁልጊዜ አጥሩን ተደግፎ የሚቆመው ጉልበቱን አሞት ነው ብለው ጎረቤቶቹ ያስቡ ነበር።

እትዬ ሀሊማ አጥሚት ይዛ ስትገባ ስመኝ ወረቀቱን ከነጠላዋ ሥር ደበቀችው። «ያ ሰውዬ ምን ይልሻል?» አለቻት። ድንኳን አንሡ ይላል፣ ብላ መለሰች። ሌላውን አልነገረቻትም። አጥሚቱን አንዴ ፉት ብላ አስቀመጠችው። ሽቶው ገና እጇ ላይ ነበር።

በሰልስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ድንኳኑ አልነበረም። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ነቅለው፣ አጣጥፈው፣ ከበሩ ሥር አስቀምጠውታል። አግዳሚዎቹ ቦዩ ውስጥ ተደርድረዋል። መንገዱ ታጥቧል፤ ጠርዙ ላይ አዲስ ነጭ ኖራ ተቀብቷል። ከሁለት መቶ የማያንስ ሰው ቆሞ ቀረ። ኖራውን ላለመርገጥ የሚጠነቀቁም ነበሩ።

ሼህ አሕመዲን ሙሰበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያውን፣ እየቆጠሩ ወደ መናፈሻው በር ሄዱ። በሩ ላይ የመናፈሻው ዘበኛ፣ ምናለ፣ ቆሟል።

«ምናለ» አሉት። «አንተ የማን ቅሬ ነህ?»

«የናንተ ነኛ ሼህ።»

«እናትህን የቀበራት ማነው?»

«እናንተ ናችሁ።»

«እንግዲያው ለቀስተኛው ቆሟል።»

ምናለ ቁልፉን አየ፣ መንገዱን ወደ ላይ አየ፣ ሰዉን አየ። «እንግዶቹ ሳይደርሱ ትወጡ የለ?» አለ። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት ቃሬዛውን የሚያነሣለት እንደማይኖር ያውቃል፤ ከማዘጋጃ ቤት የወጣ ግን ሌላ ሥራ ይፈልጋል። በሩን ከፈተው።

ገቡ። ወንዶቹ በሲሚንቶዎቹ እንጉዳዮች ሥር ተቀመጡ። ፏፏቴው ውስጥ የተጠራቀመው የክረምት ውኃ አረንጓዴ ሆኖ ይሸታል። ሴቶቹ ማንም ሳይነግራቸው ወደ መጸዳጃ ቤቱ ሄደው ከግድግዳው ሥር ክብ ሠሩ፤ ድንጋይዋ ያለችው እዚያ ነውና። መጸዳጃ ቤቱ ተመርቆ የተቆለፈ ነው፤ ሰው ግን በስተጀርባው ይጠቀማል። በነጠላቸውና በሻሻቸው አፍንጫቸውን ይዘው አለቀሱ። ከአፍንጫቸው እጃቸውን ሲያነሡ ያቅለሸልሻቸዋል፣ ሲይዙት ድምፃቸው ይታፈናል።

ሁለቱ ገምጋሚዎች ከአቶ አለምነው ጋር የደረሱት በዚህ መሐል ነው። አቶ አለምነው በሩ ላይ ሲደርስ ደረቀ። ስመኝ ፊቱን ታየው ነበር። መጀመሪያ ነጣ፤ ቀጥሎ ሰዉን በዓይኑ ለካ፤ ቀጥሎ ፈገግ አለ። ወደ ገምጋሚዎቹ ዞሮ እጁን ዘረጋ። ኅብረተሰቡ መናፈሻውን በሥራ ቀን እንኳ እንዲህ ሞልቶ እንደሚጠቀምበት፣ ሃይማኖት ሳይለይ በፍቅር እንደሚሰባሰብበት ሲያስረዳ ይሰማል። ካሜራው ሲበራ ሽማግሌዎቹ በልማድ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

አንደኛዋ ገምጋሚ ወጣት ናት። ሰሌዳዋ ላይ የቆነጠጠችውን ፎርም እየሞላች ስመኝ አጠገብ ደረሰች። ቀና አላለችም።

«የኔ እህት፣ ዛሬ ወደ መናፈሻው የመጣሽው ለመዝናናት ነው፣ ለስፖርት ወይስ ለንባብ?»

«ለለቅሶ።»

«እሱ በምርጫ ውስጥ የለም። ለመዝናናት ልበለው?»

ስመኝ የልጅቷን አናት አየች። ወረቀቱ ላይ ያጎነበሰውን አናት። የራሷን አናት ያየች መሰላት፣ ደሴ እያለች፣ ደብተሯ ላይ ያጎነበሰውን። የተጸየፈችው አቶ አለምነውን ብቻ አለመሆኑ ያኔ ገባት።

ከነጠላዋ ሥር ፌስታሉን አወጣች። አቶ አለምነው አይቷት ፈጠን ብሎ ቀረበ። «አባትሽን አታዋርጂ» አላት በጆሮዋ።

ስመኝ ከሴቶቹ መሐል እትዬ ሀሊማን ፈለገቻት። አገኘቻት። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ ተናገረች።

«ይህ ቦታ ዜሮ ነው ብሎ የፈረመው አባቴ ነው። ሦስት ቀን ተቀምጦ ቆጠረ፣ በሦስቱ ቀን ሰው አልሞተም። ያየኸውን ብቻ ጻፍ ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያየው ደግሞ ይኸው፣ ስድሳ አንድ ቀብር።»

የሼህ አሕመዲን ሙሰበሃ ቆመ። ከወንዶቹ በኩል አንድ ሰው ተነሣ፤ ወንድሙን አምና የቀበረ ሰው ነው። እንትፍ አለና በበሩ ወጣ። ሁለት ሰዎች ተከተሉት። እትዬ ሀሊማ ከክቡ ተነሥታ ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ትከሻዋ አይንቀሳቀስም።

ሼሁ ወረቀቶቹን ተቀብለው ጥቂት ገጽ ገለጡ። ከዚያ ለገምጋሚዋ ሰጧት፤ ከአቤቱታችን ጋር ይያያዝ አሉ። ልጅቷ አገላበጠችው። ማኅተም የለውም አለች፣ ሆኖም በአባሪነት መቀበል ይቻላል። አቶ አለምነው አባሪ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ተፈታ። አባሪ የት እንደሚሄድ ያውቃል።

«የዛሬውን ግን በመደበኛው ፎርም መሙላት ይቻላል» አለች ልጅቷ። አሁን ቀና ብላ ነበር። የስመኝን ጥቁር ልብስ፣ የተላጨ ፀጉሯን፣ የሴቶቹን ክብ አየች። አንድ ባዶ ፎርምና እርሳሷን ሰጠቻት። «ለመዝናናት የሚለውን ሰርዢውና ራስሽ ጻፊ።»

ስመኝ ፏፏቴው ጠርዝ ላይ ወረቀቱን አስቀምጣ መቁጠር ጀመረች። አራት ቋሚ፣ አንድ አግድም። ወጥተው የሄዱትንም ቆጠረች፤ መጥተው ነበርና። ምናለን ቆጠረች። አቶ አለምነው ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ። ሲጠላም ቢሆን ያየውን ይጽፍ ነበር አባቷ። ሰረዝ አደረገችለት፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

ጥላ ወረቀቱ ላይ አረፈ። እትዬ ሀሊማ ነበረች።

«የሱሀይላስ አለ?»

ስመኝ ያንን ቅጠል ከሌሎቹ ለይታ አስቀርታው ነበር። ሰጠቻት። እትዬ ሀሊማ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን አቅርባም አርቃም አየችው።

«ምን ይላል?»

«አላረፈችም ይላል።»

«ይቺስ?» ጣቷ ዳር ላይ ያለችው ሰረዝ ላይ ነበር።

«ሱሀይላ ናት። እሷም መጥታለችና ትቆጠር ብሎ ነው።»

እትዬ ሀሊማ ፏፏቴው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ይሄን ሁሉ ጊዜ» አለች፣ «ማረፊያ ይጣ ስል እሱ አጥሩ ሥር ቆሞ ይሰማኝ ነበር። ሰላም ይለኝ ነበር እኮ።»

ከአጥሩ ውጭ አይሱዙ ጡሩምባ አስጮኸ፤ የሚያልፍበት መንገድ ዛሬ ባዶ ነው፣ ልማድ ሆኖበት ነው። ከፏፏቴው ሽታ ይዞ የመጣው ነፋስ የፎርሙን ጥግ አነሣው። እትዬ ሀሊማ የልጇን ወረቀት በብብቷ ከተተችና በመዳፏ የፎርሙን ጥግ ጫን አድርጋ ያዘችላት።

«ጨርሺ» አለቻት።

ስመኝ እርሳሷን ወደ ግራው ዳር ወሰደች። ከአምስት አምስቱ ራቅ አድርጋ፣ እጇ እንዳይዛነፍ ትንፋሿን ይዛ፣ አንዲት ሰረዝ አወረደች።